የምትረበሸው ባዝራ፣ ትልቁ ግቢና ትንሹ ግቢ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ትውልዴ አዊ፣ እንጅባራ አካባቢ ነው። በአሁኑ ጊዜ በእንግሊዝ አገር በኒውማርኬት ከተማ፣ ከ170 በላይ የእሽቅድምድም ፈረሶች ባሉበት ትልቅ የማሠልጠኛ ግቢ በፈረስ ተንከባካቢነት እሠራለሁ። በእጄ ካሉት አራት ፈረሶች አንዷ የሦስት ዓመት ዳማ ባዝራ ናት። አምና ጨዋ ነበረች፤ ከመጋቢት ወዲህ ግን ጠባይዋ ተለውጧል። አጃዋን ሳትጨርስ ትተዋለች፤ ከሰዓት በኋላ በጋጣዋ በር ላይ ቆማ አንገቷን ግራና ቀኝ ስታወዛውዝ ትቆያለች፤ በልምምድ ጊዜ ልጓሟን እየጎተተች ከጋላቢዋ ቁጥጥር ትወጣለች፤ በውድድር ቀን ደግሞ ገና ኮርቻ ሳይጫንባት በላብ ትጠመቃለች። ባለቤቷ አዛውንት ወይዘሮ ናቸው። በላምቦርን 18 ፈረሶች ብቻ ወዳሉበት ትንሽ ግቢ ሊያዛውሯት አስበው የእኔን ሐሳብ ጠየቁኝ። የዚያ ግቢ አሠልጣኝም እኔን አብሮ ለመቅጠር ፈቃደኛ ነው። ከባልደረቦቼ ግማሹ “ትንሽ ግቢ ፈረስን ያረጋጋል” ሲል፣ ግማሹ “ነገሩ የደም ነው፣ አባቷም እንዲሁ ነበር፣ የትም ብትሄድ አትለወጥም” ይላል። ጎረቤቷ የነበረው ሽማግሌ ስንጋ (የተኮላሸ ወንድ ፈረስ) በመጋቢት ተሽጦ ጋጣው ለአንድ ድንጉላ (ላልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ተሰጥቷል፤ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ለወይዘሮዋ ምን ልበላቸው? እኔስ አብሬያት ልሂድ? ቢ.፣ ከኒውማርኬት

መልስ፦ ውድ ቢ.፣

ወይዘሮዋ ባዝራዋን በየቀኑ የሚያገላብጣትን ሰው ሐሳብ መጠየቃቸው ለፈረሳቸው ከልብ እንደሚያስቡ ያሳያል፤ ስለዚህም የሚሰጧቸው መልስ በዓይንዎ ባዩት ነገር ላይ የቆመ ሊሆን ይገባል። የእኔ ምክር ለጊዜው “ትዛወር” ወይም “አትዛወር” እንዳይሏቸው ነው። የፈረስ ጠባይ በአንድ ግቢ በሚያድሩት ፈረሶች ቁጥር አይወሰንም። ቁጥሩ ለውጥ የሚያመጣው በሌሎች ነገሮች በኩል ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ስንት ፈረስ እንደሚይዝ፣ ፈረሱ በቀን ለስንት ሰዓት የሚያኝከው ድርቆሽ እንደሚያገኝ፣ ከጋጣው ሆኖ ማንን እንደሚያይና ማንን በአፍንጫው እንደሚነካ፣ ጠዋት ወደ ሜዳ ከማን ጋር እንደሚወጣ ነው። እነዚህ በትልቅ ግቢ ሊሟሉ፣ በትንሽ ግቢ ሊጓደሉ ይችላሉ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የቆምሁበት “ሌላ የተለወጠ ነገር የለም” ብለው ያለፉት ቦታ ነው። ለአንዲት የሦስት ዓመት ባዝራ፣ የለመደችው ሽማግሌ ስንጋ ሄዶ በቦታው ድንጉላ መግባቱ ትልቅ ለውጥ ነው።

አስቀድሜ “ነገሩ የደም ነው” ስለሚሉት ባልደረቦችዎ ልናገር፤ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱምና። ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዘር የአባት ሐረጉ የሚቆጠረው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ባለው ጊዜ ከምሥራቅ ወደ እንግሊዝ ከገቡ ሦስት ድንጉሎች ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከምንም ነገር በላይ ለፍጥነት ሲመረጥ ኖሯል። ለመሸሽ የፈጠነ ፈረስ ለመደንገጥም ቢፈጥን የሚያስገርም አይደለም። ቁጣም በሐረግ ሲወርድ ታይቷል። ሃሎ የተባለው አሜሪካዊ ድንጉላ በተናካሽነቱ የታወቀ ነበር። ልጁ ሰንዴይ ሳይለንስ በ1989 (በዚህ መልስ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኬንታኪ ደርቢን ሲያሸንፍ እርሱም ጠባየ አስቸጋሪ ነበር። ሰንዴይ ሳይለንስ ለእርባታ ወደ ጃፓን ከተወሰደ በኋላ ከልጅ ልጆቹ አንዱ የሆነው ኦርፌቭር በ2011 ሦስቱን የጃፓን ታላላቅ የሦስት ዓመት ፈረሶች ውድድሮች አሸነፈ፤ ሦስተኛውን ባሸነፈበት ቀን ግን የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላ ጋላቢውን ከጀርባው ላይ ጣለው። በቀጣዩ ዓመት በአንድ ውድድር መካከል መታጠፊያው ላይ መስመሩን ለቆ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሊቆም ጥቂት ሲቀረው እንደገና ተነሥቶ ሌሎቹን ተከተለና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ይኸው ፈረስ በዚያው ዓመት በፓሪስ ሎንሻን በሚደረገው በታላቁ የአርክ ደ ትሪዮምፍ ውድድርም ሁለተኛ ወጥቷል። የሠለጠነው ሪቶ በተባለው የጃፓን ማሠልጠኛ ማእከል ነው። በዚያ እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚይዘው ጋጣ ጥቂት ሲሆን፣ ማእከሉ በጠቅላላው ግን ወደ 2,000 የሚጠጉ ፈረሶች ያሉበት ነው። ታዲያ ኦርፌቭርን ያሳደገው ትንሽ ግቢ ነው እንበል ወይስ ትልቅ? እንዲህ ያለው ምሳሌ ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይነግረን ያስረዳል።

የእርስዎን ባዝራ በተመለከተ ግን የደም ነገር ጥያቄውን አይመልስም። አምና ጨዋ እንደነበረች እርስዎ ራስዎ መስክረዋል፤ ደሟ ደግሞ በመጋቢት አልተለወጠም። ከአባቷ የወረሰችው ነገር ቢኖር በቀላሉ የመደንገጥ ዝንባሌ ነው። ዝንባሌው ወደ መታወክ የተለወጠው በአካባቢዋ በሆነ ነገር ነው፤ በአካባቢዋ የሆነውን ነገር ደግሞ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል።

“ትንሽ ግቢ ያረጋጋል” የሚሉት ወገኖች ብዙ ጊዜ ሲቢስኪት የተባለውን አሜሪካዊ ፈረስ ያነሣሉ። ሲቢስኪት በወጣትነቱ በዘመኑ እጅግ ከተከበሩት አሠልጣኞች አንዱ በነበሩት በጄምስ ፊትስሲመንስ እጅ ነበር። ፊትስሲመንስ በ1935 በኦማሃ አማካይነት ሦስቱን ታላላቅ የአሜሪካ ውድድሮች ያሸነፉ ሰው ናቸው፤ በግቢያቸው ብዙ ባለ ተስፋ ፈረሶች ስለነበሩ ይህ አጭርና ታካች መሳይ ፈረስ ብዙም ዓይን አልገባም። ገና በሁለት ዓመቱ 35 ጊዜ ተወዳደረ፤ ይህ ዛሬ ብዙ ፈረሶች በዕድሜ ልካቸው ከሚወዳደሩት ይበልጣል። በ1936 ቻርልስ ሃዋርድ በ8,000 ዶላር ገዝተው ለአሠልጣኙ ለቶም ስሚዝ ሲሰጡት ከስቶ፣ ጋጣውን ሲዞር የሚውል፣ ሰው ሲቀርበው የሚቆጣ ሆኖ ነበር። ስሚዝ በመጀመሪያ ጓደኛ እንድትሆነው ፍየል አስገቡለት፤ ፈረሱ ፍየሏን በጥርሱ አንሥቶ ከጋጣው አስወጣት። ከዚያ ፓምፕኪን የተባለ እርጋታ ያለው የከብት እረኞች ፈረስ አመጡለትና በሁለቱ ጋጣዎች መካከል የነበረውን ግድግዳ አስፈረሱ። አንድ ውሻና አንድ ጦጣም ከጊዜ በኋላ አብረው ማደር ጀመሩ። ፈረሱ እንዲተኛ ተተወ፤ የሚበላው በዛለት፤ ውድድሩ ተመጠነለት። ኖቬምበር 1 ቀን 1938 በፒምሊኮ መወዳደሪያ በዘመኑ ዝነኛ የነበረውን ፈረስ ዋር አድሚራልን አሸነፈ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው “ከትልቅ ወደ ትንሽ ሄዶ ዳነ” ብሎ ያሳጥረዋል። እኔ ግን ስሚዝ ካደረጉት ነገር አንዱም እንኳ የፈረስ ቁጥር በማነሱ ብቻ የሚገኝ ሆኖ አላየሁትም። ጎረቤት፣ እንቅልፍ፣ መኖ፣ የሥራ መመጠንና ፈረሱን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ነው ያገኘው። የእነዚህ አምስቱ ነገሮች ዋጋ በትልቅ ግቢም ያው ነው፤ አስተውሎ የሚሰጣቸው ካለ።

ለዚህ አባባሌ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በልምምድ ላይ ያሉ ብዙ ሺህ ቶሮብሬድ ፈረሶችን መረጃ ከአሠልጣኞች ሰብስበው፣ አንገት ማወዛወዝ፣ ጋጣ መዞርና እንጨት እየነከሱ አየር መዋጥ የመሳሰሉት ጠባዮች ከምን ጋር እንደሚበረክቱ መረመሩ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው በትልልቅ ግቢዎች ይበዛሉ የሚል ነበር፤ የተገኘው ግን አደጋው ከፍ የሚለው ከ75 ያነሱ ፈረሶች ባሉባቸው ግቢዎች መሆኑ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ሌሎች ነገሮችም ወጡ፦ ፈረሱ በቀን የሚያገኘው ድርቆሽና መሰል መኖ ከ6.8 ኪሎ ግራም ሲያንስ፣ ጉዝጓዙ ከጭድ ሌላ ሲሆን፣ የጋጣው አሠራር ጎረቤታሞች እንዳይነካኩ ሲያደርግ አደጋው ይጨምራል። እኔ ከዚህ ተነሥቼ ትንንሽ ግቢዎች መጥፎ ናቸው አልልም፤ እንዲህ ያለ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማስከተሉን አያረጋግጥምና። ነገር ግን የፈረስ ቁጥር ማነስ በራሱ መድኃኒት ነው ብሎ ባዝራ ለማዛወር የሚነሣ ሰው ይህን ውጤት ሰምቶ ቆም ሊል ይገባዋል።

በዚህ ላይ የሆድን ነገር ልጨምር፤ “አጃዋን ሳትጨርስ ትተዋለች” ያሉት አሳስቦኛልና። እርስዎ በአዊ ያደጉ ሰው ነዎት፤ ፈረስ በመስክ ላይ ከመንጋው ጋር ሲውል ቀኑን ሙሉ አፉ ከሣር እንደማይለይ ያውቃሉ። በነጻነት የሚውል ፈረስ ከ24ቱ ሰዓት እስከ 16 ሰዓት ድረስ ይግጣል። ጨጓራውም ለዚህ የተሠራ ስለሆነ ምግብ ቢኖርም ባይኖርም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። የእሽቅድምድም ፈረስ ግን በቀን 22 ሰዓት ያህል በጋጣ ቆሞ፣ ብዙ አጃና ጥቂት ድርቆሽ እየበላ፣ በባዶ ሆዱ ይጋልባል፤ በግልቢያ ጊዜ አሲዱ ወደ ላይኛው የጨጓራ ክፍል ይረጫል። በልምምድ ላይ ያሉ ቶሮብሬዶች በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) በተመረመሩባቸው በርካታ ጥናቶች ከ100ው ከ80 በላይ የሚሆኑት የጨጓራ ቁስለት ተገኝቶባቸዋል። ሆዷን የሚያማት ባዝራ ልጓሟን ብትጎትትና ኮርቻ ስታይ በላብ ብትጠመቅ ክፉ ጠባይ አላት አይባልም፤ ታማለች ነው የሚባለው። ይህ ደግሞ በ170 ፈረስ ግቢም በ18 ፈረስ ግቢም ያው ነው።

ሌላው የሰው ነገር ነው፤ በትልቅና በትንሽ ግቢ መካከል እውነተኛ ልዩነት ሊኖር የሚችለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በድሮው የእንግሊዝ ግቢ አንድ ተንከባካቢ ሁለት ፈረሶች ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዛሬ በሠራተኛ እጥረት ምክንያት ሦስትና አራት መያዝ የተለመደ ነው፤ እርስዎም አራት ይዘዋል። ፈረስ የሚይዘውን ሰው ሁኔታ ምን ያህል እንደሚያነብ በስዊድን የተደረገ አንድ ሙከራ ጥሩ አድርጎ አሳይቷል። ሰዎች ፈረስ እየሳቡ በተደጋጋሚ እንዲመላለሱ ተደረገ፤ ከመጨረሻው ዙር በፊት “አሁን ስታልፉ ጃንጥላ ድንገት ይከፈታል” ተባሉ። ጃንጥላው አልተከፈተም፤ ሆኖም የሰዎቹ የልብ ምት ጨመረ፣ የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። ስለዚህ ራስዎን ይጠይቁ፤ አራት ፈረስ እየያዙ ወደ ባዝራዋ ጋጣ የሚገቡት እንዴት ነው? በሩን በክርንዎ ገፍተው፣ ባልዲውን አስቀምጠው፣ ሰዓትዎን እያዩ ከሆነ፣ እርሷ ይህን ከእጅዎ ታነባለች። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም፤ የሥራው ብዛት የእርስዎ ጥፋት አይደለምና።

በኒውማርኬት የሚሠራ ሰው የፍራንክልን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም፤ ለእርስዎ ጉዳይ የሚጠቅመው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው። ፍራንክል ከ2010 እስከ 2012 ድረስ 14 ጊዜ ተወዳድሮ 14ቱንም አሸንፏል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ልጓሙን እየጎተተ ራሱን የሚጨርስ ፈረስ ነበር። በ2011ዱ የሁለት ሺህ ጊኒ ውድድር ከመነሻው ፈትልኮ በስድስት የፈረስ ርዝመት ልዩነት ሲያሸንፍ ተመልካቹ ተደነቀ፤ በቀጣዩ የአስኮት ውድድር ቀድሞ ስለገፋ በአንድ ፈረስ ርዝመት ሦስት አራተኛ ብቻ ሲያመልጥ ደግሞ አሠልጣኙ ሰር ሄንሪ ሴሲል የቀረውን ሥራ አዩ። ሴሲል ትልቅ ግቢም ያዩ፣ ግቢያቸው ሲመናመንም ያዩ ሰው ነበሩ፤ በ2005 ዓመቱን ሙሉ 12 ድል ብቻ ነበር ያገኙት። ፍራንክልን ለማረጋጋት ከግቢ አላወጡትም፤ አብሮት የሚወጣውን መረጡለት። ቡሌት ትሬን የተባለው የእናቱ ልጅ ፊት ፊቱ እንዲሄድ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ለስላሳ እጅ ያለው ጋላቢ እንዲጋልበው አደረጉ፤ ፈረሱም ከፊቱ ያለውን ፈረስ እየተከተለ መተንፈስን ተማረ። በ2012 ዮርክ ላይ ከ2,000 ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት በሰባት የፈረስ ርዝመት ሲያሸንፍ፣ ከመነሻው ወደ ኋላ ቀርቶ በጸጥታ ሲከተል ያየው ሰው ያው ፈረስ መሆኑን ለማመን ይቸገር ነበር። እንዲህ ያለ ምርጫ የሚቻለው ከብዙ ፈረሶች መካከል የሚስማማውን ማግኘት ሲቻል ነው። በ18 ፈረስ ግቢ ፍጥነቷን የሚመጥን፣ ጠባዩም የሚያረጋጋት መሪ ፈረስ ላይገኝ ይችላል።

ትንሹ ግቢ ሌሎች ድክመቶችም ሊኖሩት ይችላል። አሠልጣኙ ሁለት ፈረሶች ይዞ ወደ ውድድር ሲሄድ ከግቢው ሠራተኞች ግማሹ አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ የቀሩት ፈረሶች መኖአቸው ይዘገያል፣ ጎረቤት ጋጣዎች ባዶ ይሆናሉ፤ ለብቸኝነት የማትመች ባዝራ ደግሞ በእንዲህ ያለ ቀን ትታወካለች። ትንሽ ማለት ጸጥታ ያለው ማለትም አይደለም። በ1973፣ በ1974 እና በ1977 ግራንድ ናሽናል የተባለውን የመሰናክል ውድድር ያሸነፈው ፈረስ ሬድ ረም በሳውዝፖርት ከአንድ ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ ጀርባ በነበረ ትንሽ ግቢ ይኖር ነበር፤ መንገዱ ጫጫታ የሞላበት ነበር። የጠቀመው ጸጥታ አልነበረም፤ የእግር ሕመሙን ያስታገሰለት የባሕር ዳርቻው አሸዋና ጨው ውኃ፣ እንዲሁም ነገሬ ብሎ የሚከታተለው ሰው ነበር። ላምቦርንም ከኒውማርኬት ያነሱ ፈረሶች ይኑሩት እንጂ የእሽቅድምድም ፈረሶች ሸለቆ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በርካታ ፈረሶች ተሰልፈው ይወጡበታል።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ ልምጣ። ከሁሉ በፊት ሐኪም ጨጓራዋን በኢንዶስኮፒ ይይላት፤ ቁስለት ከተገኘ መድኃኒቱ ከውድድር በፊት የሚቆምበት ጊዜ ስላለው ሐኪሙና አሠልጣኙ ተነጋግረው ይወስኑ። ከልምምድ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ትንሽ አልፋልፋ ወይም ድርቆሽ ብትበላ አሲዱ እንዳይረጭ ያግዛል። የቀኑን ድርቆሽ በሚዛን ይመዝኑት፤ በግምት አይተማመኑ። ከዚህ እኩል የሚያስቸኩለው የድንጉላው ነገር ነው። ባዝራ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ፣ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ፣ በየ21 ቀኑ ገደማ ለጥቂት ቀናት ድንጉላ ትፈልጋለች፤ በዚሁ ወቅት ድንጉላ ከግድግዳዋ ማዶ ሲያሽካካ ከዋለ አጃ መተዋንና በር ላይ መቆሟን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስለዚህ ማዛወር ካስፈለገ መጀመሪያ የምትዛወረው ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሳይሆን፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አንዲት የተረጋጋች ባዝራ ወይም ሽማግሌ ስንጋ ወዳለበት ሌላ መስመር ነው፤ ከተቻለም በአፍንጫ የሚነካኩበት ፍርግርግ ወይም ወደ ውጭ የሚያሳይ ተጨማሪ መስኮት ያለው ጋጣ ይሁን። ፈረሶች ከጋጣቸው የሚያዩት አቅጣጫ ሲጨመርላቸው አንገት ማወዛወዛቸው እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ ሌላ ፈረስ አጠገቧ ማድረግ ካልተቻለ የማይሰበር መስታወት መስቀል እንኳ እንደሚረዳ ተረጋግጧል። ለውድድር ቀን ደግሞ ጆሮ የሚሸፍን ቀይ ኮፍያ እስከ መነሻው ድረስ ማድረግ፣ በሁለት ሰው መሳብና ፈቃድ ጠይቆ ከሌሎቹ ቀድሞ ወደ መነሻው መውረድ በብሪታንያ የተለመደ ነው።

ይህን ስታደርጉ ለወር ተኩል ያህል ጠባይዋን በማስታወሻ ይያዙ። ከሰዓት በኋላ ግቢው ጸጥ ሲል፣ እርሷ በማታይዎ ቦታ ቆመው ሩብ ሰዓት ይመልከቷት። አንገቷን የምታወዛውዘው መኖ የሚያመጣው ጋሪ ሲሰማ ነው? ድንጉላው ሲወጣ ነው? ወይስ ምንም ሳይኖር? ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተወችውን አጃ፣ የጋላቢዋንም ቃል አብረው ይጻፉ። ለመኖ ጋሪው የምትወዛወዝ ባዝራ ርቧታል፤ ለድንጉላው የምትወዛወዝ ጎረቤት መቀየር ያስፈልጋታል፤ ምንም ሳይኖር የምትወዛወዝ ግን ነገሩ ልማድ ሆኖባት ይሆናል፤ ልማድ የሆነ ነገር ደግሞ ምክንያቱ ቢወገድም ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ ወይዘሮዋ ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ። ወይዘሮዋ ሐሳብዎን በቀጥታ ቢጠይቁዎትም፣ አሠልጣኙ ሳያውቅ መልስ መስጠት ለእርስዎም ለባዝራዋም አይበጅም። መጀመሪያ ለግቢው ዋና ኃላፊ ያዩትን ነገር ማስታወሻዎን ይዘው ይንገሩ፤ የጋጣ ለውጡንም ያቅርቡ። ትልቅ ግቢ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአንድ ቀን ሊፈጽም የሚችል ጋጣና ፈረስ አለው፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የሚናገር ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለወይዘሮዋ የሚሰጡት መልስ “ለአሠልጣኙ ነግሬያለሁ፣ ይህን ይህን እየሞከርን ነው፣ ውጤቱን በዚህ ጊዜ እንነግርዎታለን” የሚል ይሁን። ጥያቄው ተቀባይነት ካጣ፣ ወይም ሁሉ ተሞክሮ ባዝራዋ ካልተሻላት፣ ያን ጊዜ ማዛወሩ የታሰበበት ውሳኔ ይሆናል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ሆዷ ሳይታይ፣ ከነቁስሏና ከነድንጋጤዋ መኪና ላይ ጭኖ የማታውቀው ግቢ መውሰድ ግን ለደንባራ በቅሎ ቃጭል መጨመር ነው።

ከመዛወሯ በፊት ወይዘሮዋ ላምቦርን ሄደው ግቢውን ከሰዓት በኋላ ይዩት፤ ጠዋት ሁሉም ግቢ ደስ ይላል። አንድ ሰው ስንት ፈረስ እንደሚይዝ፣ አሠልጣኙ ውድድር ሲሄድ ማን እንደሚቀር፣ የመጨረሻው መኖ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ የባዝራዋ ጎረቤት ማን እንደሚሆን፣ ጠዋት ከማን ጋር እንደምትወጣ፣ በቀን ለጥቂት ሰዓት ወደ መስክ የምትለቀቅበት ቦታ መኖሩን ይጠይቁ። አሠልጣኙ ለእነዚህ ጥያቄዎች ፈረሶቹን በስማቸው እየጠራ የሚመልስ ከሆነ መልካም ምልክት ነው።

እርስዎ አብረዋት ስለ መሄድዎ፣ ለእርሷ የሚጠቅም መሆኑን አልጠራጠርም፤ የምታውቀው እጅና ድምፅ አብሯት ከሄደ የመልመጃው ጊዜ ያጥራል። ለእርስዎ ግን ሌላ ስሌት አለው። የሦስት ዓመት ባዝራ የውድድር ዘመኗ ሲያበቃ ለእርባታ ልትሸጥ ትችላለች፤ በዚያው በኒውማርኬት በኦክቶበር መጨረሻና በዲሴምበር መጀመሪያ የሚደረጉት ጨረታዎች ብዙ እንደ እርሷ ያሉትን ይወስዳሉ። ስለዚህ ውሳኔዎ እርሷ ባትኖርም የሚቆም ይሁን፦ ደመወዙን፣ መኖሪያውን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ የሚይዟቸውን ፈረሶች ብዛት በጽሑፍ ይቀበሉ። የሥራ ፈቃድዎ ከአሁኑ አሠሪዎ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ አዲሱ አሠሪ የውጭ አገር ሠራተኛ ለመቅጠር ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጠው፣ ለውጡም በእጅዎ ሳይገባ የቀድሞውን ሥራ አይልቀቁ።

ባዝራዋ በመጨረሻ የምትዛወር ከሆነ፣ ውድድር በሌለባቸው ሳምንታት፣ ድንጉላ የምትፈልግባቸው ቀናት ካለፉ በኋላ ትሂድ፤ የለመደችውን ድርቆሽ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ አብራችሁ ጫኑ፣ ከአዲሱም ጋር ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ ያልምዷት። ማስታወሻዎን ገልብጠው ለአዲሱ አሠልጣኝ ይስጡ። የመጀመሪያ ውድድሯም ረጅም ጉዞ እንዳይሆንባት ለላምቦርን ቅርብ በሆነው በኒውበሪ እንዲሆን ይጠይቁለት፤ አሠልጣኙም አጃዋን እስክትጨርስ ድረስ ስሟን ለውድድር እንዳያስመዘግብ ከወይዘሮዋ ጋር ይስማማ።